ሶሌታው ሳይሞላ

(ደሴ ውስጥ በአንድ ሰፈር የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ በሚመች መልኩ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። የቅሬው ሰብሳቢ የጠሩኝ «ስለ ቤት ሥራና ስለ ጎረቤት ጠብ አንድ ነገር በለን» ብለው ነው። እኔ ዳኛም ጠበቃም አይደለሁም። ሥራዬ የቤት ፕላን መንደፍና ግንባታ መከታተል ነው። ግን ግንባታ ባለበት ጭቅጭቅ አይጠፋም። ሜትር ይዤ ለልኬት ሄጄ ሽማግሌ ሆኜ የዋልኩባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው።

ስለ ወሰን መግፋት ዛሬ አላወራም። እሱ ካርታ አለው፣ ባለሙያ መጥቶ ለክቶ ችካሉን ያሳያል። ስለ ጨረቃ ቤትም አላወራም። የኔ ጉዳይ ካርታ ያለው፣ ግብር የሚከፍል፣ እዚህ ቅሬ ላይ አብሮን የሚቀመጥ ጎረቤት ነው። በገዛ ይዞታው ላይ፣ አንድ ስንዝር ሳያልፍ፣ ሰርቪሱ ላይ አንድ ፎቅ ይጨምራል። ብሎኬቱ ሲደረደር እያያችሁ ትወጣላችሁ፣ እያያችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ ኅዳር ሲገባ ግቢያችሁ ጨልሞ ታገኙታላችሁ። መሬታችሁ አልተነካም፣ አጥራችሁ አልፈረሰም። ቀበሌ ሄዳችሁ «ምን ወሰደብህ?» ስትባሉ «ፀሐይ» ማለት ያሳፍራል። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ደሴ ላይ የሚያስቅ ነገር አይታየኝም።

ለምን ቢባል፣ ከተማችን ድሮውንም በፀሐይ ሀብታም አይደለችም። በምዕራብ ጦሳ አለ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ፀሐይዋ ጠዋት አርፍዳ ብቅ ትላለች፤ ማታ ደግሞ ሌላው አገር ገና ሲሞቅ እኛ ጦሳ ጋርዶን ጋቢ እንፈልጋለን። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። የታኅሣሥን ውርጭ ለናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ተራሮቹ ከሁለቱም ጫፍ ከቀነሱት በኋላ የሚተርፈን የመሐሉ ነው። ጎረቤት ከዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ከወሰደ ምን ቀረ?

ዳገቱም አለ። ከፒያሳ ሽቅብ ወደ ጦሳ እግር ስትወጡ የአንዱ ምድር ቤት ከሌላው ጣሪያ እኩል ነው። ሜዳ ላይ ባለ አንድ ፎቅ የሆነ ቤት ከታች ላለው ሰው ባለ ሁለት ነው። ፕላኑ ላይ «ጂ ፕላስ ዋን» ተብሎ የተጻፈውን የታችኛው ጎረቤት አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያየው።

የጉዳቱን ነገር አንድ ግቢ ላሳያችሁ። ስም አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። አንዲት እናት ናቸው፤ በርበሬ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ጎረቤታቸው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ፎቅ ጨመረ። ድሮ እማማ የተተረተረ ማዳበሪያቸውን ግቢው መሐል ዘርግተው በርበሬውን ይበትኑና ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር። እኔ ስሄድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ የነካት ቦታ አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች፤ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ። በርበሬውን እዚያ ዘርግተዋል፤ ዶሮ እየጫረው፣ ሰው እየተራመደው። ከዚያ ጥላው ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር የማዳበሪያውን ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ። ትንሽ ቆይተው ይጎትታሉ። ግቢው መሐል ሲደርሱ 5 ሰዓት ተኩል አልፏል። በጥቂት ቀን ደርቆ ወፍጮ ቤት ይደርስ የነበረው በርበሬ ሳይደርቅ ከረመና ሥሩ ሻገተ። የሻገተ በርበሬ ደግሞ ጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል።

ብቅል የምታሰጡ፣ እህል ከነቀዝ ለማዳን ፀሐይ የምታስመቱ፣ ይህንን ታውቁታላችሁ። የእንጨትና ጭቃ ቤትም እንደዚሁ ነው። ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ በጋ ላይ ፀሐይ ካላወጣችለት ልስኑ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። የሕፃናትን ነገር ጤና ጣቢያም ነግረዋችኋል። ልጅ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ለአጥንቱ ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ ነው። በመስታወት ውስጥ የገባች ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ ለዚህ አትሆንም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ «መስኮትህ ላይ ፀሐይ አለልህ አይደል» የሚል መልስ ለአራስ ቤት መልስ አይሆንም።

የሚሠራውንም ሰው ልረዳው። ልጆች አድገዋል፣ አንዱ አግብቷል፣ ቦታው ያው የአባት ቦታ ነው። በሁለት ተራራ መሐል ያለች ከተማ ወደ ጎን የት ትሂድ? ሽቅብ ካልሆነ መውጫ የለውም። ፎቅ መጨመር ነውር አይደለም። ነውሩ ዓርብ ማታ አሸዋ አስደፍቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ሲዘጋ ግንበኛ አሰልፎ፣ ሰኞ ጠዋት «አለቀኮ» ማለት ነው። ይህንን የምታደርጉ ካላችሁ እዚህ መሐላችሁ ቆሜ እየነገርኳችሁ ነው፤ ሰው ያወቀባችሁ አይመስላችሁ ይሆናል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ጎረቤት የሚጣላው ሁለት ጥያቄ ስለሚያደባልቅ ነው። አንደኛው «ፈቃድ አለው ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይጎዳኛል ወይ?» የሚል። የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስ የሚሰጡትም የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን የሚመልሰው የሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም፣ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው ይህን ሹመት ያመጣው። አዋጁ ሕንፃዎችን በምድብ ከፈላቸው። ከሁለት ወለል በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ሆነ። ሁለት ወለልና ከዚያ በላይ ያለው ምድብ «ለ» ውስጥ ገባ። ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ፣ ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ምድብ «ሐ» ተባለ። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ዲዛይንና ባለሙያም ይከብዳል። እና በምድር ቤት ፈቃድ ፎቅ የጨመረ ሰው «ፈቃድ አለኝ» ሲላችሁ ወረቀት አለው፤ የያዘው ግን የሌላ ቤት ፈቃድ ነው። ኮለኑ፣ ማለትም የቤቱ ምሰሶ፣ ያንን ጭነት ይችል እንደሆነ ማን አሰላለት? ይሄ የፀሐይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከናንተ በፊት የሚያሰጋው ራሱን ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሕንፃ ሹሙ አይመልስላችሁም። እሱ ፕላኑን ከደንቡ ጋር ያስተያያል። የናንተ በርበሬ ፕላኑ ላይ የለም። እዚህ የሚገባው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያስቸግር ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ፣ ንዝረት ይዘረዝራል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም ይላል። ልኩን ለማወቅ ደግሞ የአካባቢው ልማድና የቦታው አቀማመጥ ይታያል። ዝርዝሩ ውስጥ ፀሐይ የሚል የለም። ስለዚህ ጉዳቱን ማስረዳት የናንተ ሸክም ነው። «ጨለመብኝ» ብሎ ማልቀስ አያስረዳም። ስንት ሰዓት፣ ስንት ሜትር፣ በየትኛው ወር የሚለው ነው የሚያስረዳው።

ፍርድ ቤት ሲኬድ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ነው። መሠረቱ አንቀጽ 1149 ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሁከቱ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈ ክሱ አይቀርብም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ፆም ገብቶ፣ ሐዘን መጥቶ፣ «ከዒድ በኋላ እንየው» ተብሎ፣ ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።

የሁለቱ ጥያቄ መለየት ምን ይጠቅማል? ይኸውላችሁ። ፈቃድ የሌለውን ጎረቤት ከሳችሁ ብትረቱት እንኳ ፀሐያችሁ ላይመለስ ይችላል። ቅጣቱን ከፍሎ፣ ወረቀቱን አስተካክሎ፣ ግድግዳው እዚያው ሊቆም ይችላል። ከዚያ ጠላትም ጥላም ተረፋችሁ። በሌላ በኩል ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱ ስላለው ብቻ ልቡን አይሙላው፤ የጎረቤት ጉዳት ጥያቄ በፈቃድ አይዘጋም። እኔ ያየኋቸው ደህና ያለቁ ጉዳዮች በሙሉ ያለቁት ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ሳይሞላ ነው። ካሳፎርማ፣ ማለትም የአርማታው ማፍሰሻ ቅርጽ፣ ተመቶ፣ ፌሮ ታስሮ፣ አርማታው ገና ሳይፈስ። ያኔ መስመር ማዘዋወር ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አልወጣም። ከተሞላ በኋላ ሰውየው የሚከላከለው ቤቱን ብቻ ሳይሆን የከፈለውን ሲሚንቶ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። በቀረው ወቅት በደቡብ በኩል ናት። በጣም የምትወርደው ታኅሣሥ 12 እና 13 አካባቢ ነው። ያኔ ቀትር ላይ 6 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ወደ ሰሜን 4 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግን የዚያው ግድግዳ ጥላ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ አቅጣጫውም ሰሜን ምዕራብ ነው። ይህ ሜዳ ላይ ነው። ከግድግዳው በታች ተዳፋት ላይ ካላችሁ ጥላው ከዚያም ይረዝማል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። ጠዋትና ቀትር ላይ የሚጎዳው ከአዲሱ ቤት በስተሰሜንና በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ጎረቤት ነው፤ በደቡብ ያለው ብዙም አይነካውም። ሁለተኛው፣ ግንቦት ላይ ግቢ ውስጥ ቆሞ «የታለ ጥላው?» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ግንቦት ላይ የለም። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው የሚመጣው፤ ልክ በብርዱ ሰዓት። ሽማግሌዎች ግንቦት ላይ አይተው የፈረዱት ታኅሣሥ ላይ የሚፈርሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አምጡ። ግድግዳው ሊቆም በታሰበበት መስመር ላይ፣ ሊደርስ በታሰበው ቁመት ልክ፣ አቁሟቸው። ጫፍና ጫፉ ላይ ገመድ ወጥሩና ጨርቅ እሰሩበት። ባለቤቱም ጎረቤቱም አብረው ቆመው ይዩት። ስዊዘርላንድ ውስጥ በብዙ ቦታ የሚሠራ ሰው ፈቃዱ ከመጽደቁ በፊት የሕንፃውን ቁመትና ቅርፅ በእንጨት አቁሞ ለሰፈሩ የማሳየት ግዴታ አለበት። እኛ ዘንድ ግዴታ አይደለም። ግን አጣና የሌለው ግንበኛ የለም፤ ያው ኋላ ላይ ለመወጣጫ ይሆነዋል። የገመዱን ጥላ በየሰዓቱ ድንጋይ እያስቀመጣችሁ ምልክት አድርጉ። ወሩ ታኅሣሥ ካልሆነ ደግሞ ባለሙያ ያስላው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።

ጃፓኖች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። እነሱም በጠባብ ከተማ ስለ ፀሐይ ሲካሰሱ ኖረው በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሕንፃ ሕጋቸውን አሻሻሉ። የሚለካው ዓመቱ ውስጥ ፀሐይ በጣም በምታጥርበት ቀን ነው፤ በኛ ሰዓት አቆጣጠር በአብዛኛው አገራቸው ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት፣ ሕንፃው የጎረቤትን ቦታ ስንት ሰዓት ይጋርዳል ተብሎ። እንግሊዞች ሌላ መንገድ አላቸው፦ በ1832ቱ ሕጋቸው መስኮትህ 20 ዓመት ሳይቋረጥ ብርሃን ካገኘ ብርሃኑ መብትህ ይሆናል። ለኛ የሚጠቅመን የጃፓኖቹ ይመስለኛል። ክርክሩን ከ«ንቀኸኝ ነው» ወደ «ስንት ሰዓት ነው» ያወርደዋል።

ሰዓቱ ከታወቀ መደራደር ይቻላል። ግድግዳው አንድ ሜትር ዝቅ ቢል ታኅሣሥ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥላው 1 ሜትር ከ70 ያህል ይሸሻል። የጣሪያው ተዳፋት ዝቅ ያለው ጎን ወደ ጎረቤት ቢዞር ጫፉ ይወርዳል፤ ግን አሸንዳ ይደረግበት፣ ካልሆነ ፀሐይ መልሳችሁ ጎርፍ ትሰጣላችሁ። ሁለተኛው ወለል ከወሰኑ ሁለት ሜትር ገባ ቢል ባለቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ያጣል፤ በምትኩ በረንዳ ያገኛል። እማማ ግቢ የሆነው ሌላ ነው፤ እዚያ ቤቱ አልቆ ነበር። ባለፎቁ ጠፍጣፋ ጣሪያው ላይ በርበሬውን እንዲያሰጡ ፈቀደ፤ ደረጃውን የሚወጡት ግን የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፣ እሳቸው ጉልበታቸው አይፈቅድም። ጥሩ መፍትሔ አልለውም። የተገኘው እሱ ነው።

ስምምነቱን ጻፉት። ወሎ ላይ ሽምግልና ከባድ ቃል ነው፤ ዱዓ ተደርጎበት፣ ቡና ተጠጥቶበት የሚፈርስ ነገር የለም እንላለን። እውነት ነው፤ ቃሉን የሰጡት ሰዎች እስካሉ ድረስ። ቤቱ ሲሸጥስ? ልጆች ሲወርሱስ? ገዢው አዲስ አበባ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ቡና አልጠጣም። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ፊት መደረግ አለበት፤ አንቀጽ 1723 ነው። ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ፤ ስምምነቱ ግን ከዚያ አልፎ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ይድረስ።

እዚህ ላይ አቆምኩና ጥያቄ ተቀበልኩ። ከተነሱት ጥቂቶቹን ልጻፍ።

አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ጎረቤቴ ሥራ ጀምሯል፤ ብነግረው የሚሰማ ሰው አይደለም። አሁኑኑ ምን ላድርግ?» አለኝ። መልሴ ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ሂድና ንገረው፤ አይሰማም ብለህ አትቅር። አንድ የቅሬ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ነገ ምስክር ነው። በዚያው ቀን ማመልከቻህን በሁለት ኮፒ ጽፈህ ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት አስገባ፤ ያንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታ። ፎቶ አንሳ፤ ጥላው የደረሰበት ቦታ ላይ ሜትር ዘርግተህ አንሳ። ሥራው እየፈጠነ ከሆነ ደግሞ ጠበቃ አማክር፤ ፍርድ ቤት ክሱ እስኪታይ ሥራው እንዲቆም እግድ ሊሰጥ ይችላል። ስድብ አትናገር። የተሰደበ ሰው ይቀድምህና እሱ ከሳሽ ይሆናል።

አንዲት እትዬ የጠየቁት ከፀሐይ የከፋ ነበር። ከቤታቸው ሥር ያለው ጎረቤት ለመሠረት ብሎ ዳገቱን ቆርጧል፤ የሳሎናቸው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ይሄ ነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። የደሴ ዳገት የሚንሸራተት ዳገት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሌላ ሰው ሕንፃ አደጋ ያሰጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር እርምጃ እንዲወስድ መጠየቅ ይችላል ይላል። ከስንጥቁ አጠገብ በእርሳስ ቀን ጻፉ፤ ጫፉ ላይም ምልክት አድርጉ፣ እየረዘመ መሆኑ ይታወቃል። ክረምት ሳይገባ ከታች ድጋፍ ግንብ ይገንባ። ልጆቹ ዛሬውኑ ሌላ ክፍል ይተኙ አልኳቸው።

የመጨረሻው ጠያቂ ከኮምቦልቻ ለእንግድነት የመጡ ናቸው። «እኛ ዘንድ የጎረቤት ፎቅ ጥላ ሲጥልልን ደስ ይለናል፤ የተጣላነው ነፋስ ስለዘጋብን ነው» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እውነታቸውን ነው፤ ኮምቦልቻ ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ጥላ ስጦታ ነው። የጥላው ሒሳብ ለሁለቱም ከተማ አንድ ነው፤ የሚለየው ማን እንደሚፈልገው ነው። ለነፋሱ ግን አጣናና ገመድ አይሠራም። የነፋሱን አቅጣጫ አይተው፣ በየትኛው መስኮት ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ለጎረቤታቸው ያሳዩት፤ ግድግዳው ላይ ሳይሆን አጥሩ ላይ ክፍተት በመተው የሚፈታ ሊሆን ይችላል። ሥራው የት እንደደረሰ ጠየቅኳቸው። «ኮለን ላይ ነው» አሉኝ። እንግዲያው ዛሬ ማታ ይደውሉለት አልኳቸው።